እቴጌ ምንትዋብ ዘመነ መሳፍንትን አመጡ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ እቴጌ ምንትዋብ የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ምንትዋብ ከተራ ቤት ወጥተው በመልካቸው ብቻ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ባላቸው ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ሥልጣኑን ነጥቀው ለ40 ዓመት ብቻቸውን ገዙ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ከበካፋ ወለዱ፤ ጦሩን በዛሬዋ ሱዳን ወደ ነበረው ወደ ስናር መንግሥት ልከው አስፈጁ፤ ግምጃ ቤቱን በሕንፃ ሥራ አራቆቱ፤ በመጨረሻ ለልጃቸው የወሎ ሴት አጋብተው ዘመነ መሳፍንትን ጠሩ። ከዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ያለበት አለ፣ ከነጭራሹ የተሳሳተም አለ።

መጀመሪያ የዓመተ ምሕረቱን ነገር እናጥራ፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የመጣው ከዚያ ነው። ጽሑፉ ዐፄ በካፋ በ1730 እንደ ሞቱ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ደግሞ በ1723 እንደ ነገሡ ይነግረናል። ልጁ አባቱ ሳይሞት ከሰባት ዓመት በፊት ነገሠ ማለት ነው። ነገሩ ግን ቀላል ነው፦ 1730 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ 1723 በእኛ አንድ ዓመት ናቸው። በካፋ ያረፉት በመስከረም ነው፤ ከመስከረም እስከ አውሮፓ ዓመት መጨረሻ ባለው ጊዜ የሆነን ነገር ከአውሮፓ ወደ እኛ ስናመጣ 7 እንቀንሳለን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወሮች 8። ስሕተቱ ሌላ ስሕተት ወልዷል። ኢያሱ በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1723 ስለ ተወለዱ፣ ጸሐፊው ሁለቱን 1723 አጋጥመው ገና ዓመት ያልሞላው ጨቅላ ዘውድ ደፋ ብለዋል። ኢያሱ የነገሡት ሰባተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ አንድ ወር ያህል ሲቀራቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ትውልዳቸው እንለፍ። ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። አባታቸው ደጃዝማች መንበሬ፣ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። በእናታቸው በኩል ትውልዳቸው ከዐፄ ሚናስ ይመዘዛል ተብሎ ይቈጠር ነበር። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው፤ ሦስቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን ማወቅ የዘመኑን ሰነድ ለሚያገላብጥ ሰው ግድ ነው። የተራ ቤት ልጅ የሚለው ወሬ የመጣው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከተረከው ነገር ነው። ንጉሡ ተደብቀው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፣ አንድ ባላባት ቤት ገብተው የባለቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው፣ በኋላም ሚስት አደረጓት ይላል። ልብ በሉ፦ በብሩስ ትረካ ውስጥ እንኳ ቤቱ የባላባት ቤት ነው። ጋብቻው የተፈጸመው በ1722 ነው።

ብሩስን ስናነብ መርሳት የሌለብን ነገር አለ። ጎንደር የገባው በ1770 ነው፤ ጋብቻው ከተፈጸመ ወደ 50 ዓመት ሊሞላ ሲል። ያረፈው ጎንደር አጠገብ ቍስቋም ባለው በእቴጌይቱ መኖሪያ፣ ወሬውን የሰማውም ከእሳቸውና ከልጃቸው ከወይዘሮ አስቴር ቤት ነው። መጽሐፉን ያሳተመው ደግሞ በ1790። ስለዚህ የእነሱን ባላጋራዎች ሲያነሳ የእነሱን ቂም ይዞ ነው የሚጽፈው። የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል በበኩሉ በግእዝ የተጻፈ የውዳሴ መዝገብ ነው፤ ጌታውን ሲያሞግስ እንጂ ሲወቅስ አይገኝም። ሁለቱን ማስተያየት እንጂ አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አያዋጣም። ጽሑፉ ብሩስን ብቻ ይዟል፤ እሱንም ቢሆን የሚመቸውን እየመረጠ።

ሥልጣን ነጠቁ የሚለውን እንይ። በካፋ ተጠራጣሪ ንጉሥ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሞቱ ተብሎ እንዲወራ አድርገው ማን ምን እንደሚያደርግ ከተመለከቱ በኋላ ብቅ ብለው የተንቀሳቀሱትን እንደ ቀጡ ይነገራል። የእውነት ሲሞቱ ታዲያ ሹማምንቱ ደፍሮ ለመንቀሳቀስ ፈሩ። ከእሳቸው ጋር የቀረው አንድ ትንሽ ልጅና የልጁ እናት ናት። ሕፃን ሲነግሥ እናት ወይም አያት ሞግዚት ሆና መንግሥት መያዟ ደግሞ አዲስ ነገር አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ እቴጌ እሌኒ ለሕፃኑ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር መርተዋል፤ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላኩትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ምንትዋብ የመጀመሪያዋ ሴት ሞግዚት ናቸው የሚለውም የጽሑፉ ሐረግ ልክ አይደለም። የምንትዋብ ነገር የሚለየው በሌላ ነው፦ ልጃቸው በነገሡበት በ1730 ማብቂያ ላይ እሳቸውም ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ተባባሪ ገዢ ሆኑ። እሌኒ ይህን አላደረጉም። ዘውዱ የክብር ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ አድጎ ሞግዚትነት የሚያበቃበት ቀን ሲመጣ የእናቲቱ ሥልጣን አብሮ እንዳያበቃ የሚያደርግ ነገር ነው። ይህን ያሰበ ሰው፣ ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም፣ የዋዛ ሰው አልነበረም።

ተቃውሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ወህኒ አምባ ላይ ዕድሜያቸው የደረሰ ነገሥታት ዘር ታስረው እያለ ሕፃን ማንገሥ ሥልጣኑን ለእናቱ ዘመዶች መስጠት እንደ ሆነ መኳንንቱ አላጡትም። በ1732 ዐመፀኞች ሕዝቅያስ የሚባል ሰው አንግሠው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። ከበባው የተሰበረው የቋራ ዘመዶችና ታማኝ ሹማምንት በመድረሳቸው ነው። ከዚህ በኋላ ምንትዋብ ሹመትን ከዘመድ አርቀው ሲሰጡ እምብዛም አይታዩም። ጽሑፉ ይህን የዘመድ አድልዎ ብሎ ያልፈዋል፤ አድልዎ መሆኑንስ ማን ይክዳል? ግን ያን ጊዜ ከበባ ያለፈ ሰው በር ጠባቂውን ከየት እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም።

40 ዓመት ብቻቸውን ገዙ የሚለው ስሌትም አይሠራም። የዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ከ1730 እስከ 1755፣ የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ከ1755 እስከ 1769 ነው፤ ድምሩ 39። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋናው የአስተዳደር እጅ የወንድማቸው የራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑል ነበር። ሌላው ወንድማቸው እሸቴም ትልልቅ ሹመት ይዘዋል። ወልደ ልዑል የሞቱት በ1767 ነው። ከዚያ ወዲያ እቴጌይቱ ዘውዱ ቢኖራቸውም የሚያዙት ጦር አልነበራቸውም፤ በዓመት ጊዜ ውስጥ ራስነቱ በትግራዩ ገዢ በሚካኤል ስሑል እጅ ገባ። እንግዲህ የምንትዋብ ሥልጣን ሲጀምር ከወንድማቸው ጋር ነው፣ ያበቃውም ከወንድማቸው ጋር። ብቻቸውን የሚለው ቃል የትም አይገባም።

የልጆቹ ጉዳይ ላይ ጽሑፉ የሠራው ስሕተት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የጻፈውን ሁሉ አበላሽቶበታል። አስቴር፣ አልጣሽና ወለተ እስራኤል የበካፋ ልጆች አይደሉም። በካፋ በ1730 ከሞቱ በኋላ ምንትዋብ ከኢያሱ ከሚባል ሰው ጋር ኖረዋል። ይህ ሰው የባላቸው እኅት የወይዘሮ ሮማነወርቅ ልጅ ነበር፤ ሕዝቡ «ምልምል ኢያሱ» የሚል የሽሙጥ ስም አወጣለት። ሦስቱ ሴቶች የእሱ ልጆች ናቸው። ሰውየው በ1742 ጣና አካባቢ ከገደል ተወርውሮ ሞተ፤ ንጉሡ ልጃቸው በዚህ ወዳጅነት ይከፉ እንደ ነበር ይነገራል። ስለዚህ ሦስቱም የተወለዱት ከ1730 በኋላ እስከ 1742 ገደማ ባለው ጊዜ ነው። የጽሑፉን ሐሳብ ብንቀበል አስቴር ብሩስ ባያቸው ጊዜ ቢያንስ 40 ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ብሩስ የሚገልጻቸው ግን እንደ ወጣት ሴት ነው።

ይህን የምለው ሐሜት ለማድመቅ አይደለም። በካፋ አባታቸው ቢሆኑ ኖሮ ሦስቱ የንጉሥ ልጆችና የዳግማዊ ኢያሱ የአባትም የእናትም እኅቶች ይሆኑ ነበር። አሁን ግን የንጉሡ እኅቶች በእናት ብቻ ናቸው፤ የነገሥታቱ ዘር ያገኙት በሴት አያታቸው በሮማነወርቅ በኩል ነው። ዘውድ ሊጠይቁበት የማይችሉ፣ ለጋብቻ ግን እጅግ የሚፈለጉ ልጆች ነበሩ። ምንትዋብም በዚሁ ተጠቀሙባቸው። ጋብቻዎቹን በየቦታቸው ብናስቀምጣቸው የአገሩን ካርታ ይሠራሉ፦

ወለተ እስራኤል ወደ ጎጃምና ዳሞት ተዳሩ፤ ባላቸው ደጃዝማች ዮሴዴቅ ነው። አልጣሽ ወደ ትግራይ፤ የሚካኤል ስሑልን ልጅ ወልደ ሐዋርያትን አገቡ። አስቴር ደግሞ ከመጀመሪያ ባላቸው ኮንፉን ከወለዱ በኋላ ወደ በጌምድር፣ የገዢው የአዮ ልጅ ለሆነው ለማርያም ባርያ። ወታደር ሳያዘምቱ ሦስት አገር በአማችነት ያዙ ማለት ነው። በመልካቸው ብቻ ለሚለው ወሬ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የስናር ዘመቻ የእሳቸው አይደለም። በ1744 የዘመቱት ንጉሡ ኢያሱ ራሳቸው ናቸው፤ የ20 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። አደንና የቤት ማሳመር ይወዳሉ፣ ጦር ግን አይወዱም እየተባሉ በጎንደር ይታሙ ነበር። ከአያታቸው ከታላቁ ኢያሱ ጋር እየተወዳደሩ «ትንሹ ኢያሱ» መባላቸውም ያንገበግባቸው ነበር። ዘመቻው ይህን ስም ለማጥፋት የታሰበ ይመስላል። ጦሩ ዲንደር ወንዝ አካባቢ የስናሩን ንጉሥ የባዲ አራተኛን ሠራዊት ገጠመ፤ የስናርን ጦር የመራው ከዳርፉር የመጣው ኸሚስ ነው። የኢትዮጵያ ጦር ክፉኛ ተመታ። ከሰው እልቂት ሌላ የተማረከው ነገር አገሩን አሳዘነ፦ የነገሥታቱ ጦር ይዞት ይዘምት የነበረው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕልና የመስቀሉ ግማድ። ኋላ በወርቅ ተዋጅተው ተመለሱ፤ ብሩስ 8,000 ወቄት ይለዋል። ሥዕሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዞች እጅ ወጣ። ጽሑፉ ሥዕሉ ከስናር አልተመለሰም ማለቱም ስለዚህ ስሕተት ነው። ያልተመለሰ ቢሆን ኖሮ መቅደላ ላይ አይገኝም ነበር።

ግምጃ ቤቱን አራቆቱ ለሚለው ግን ሙሉ በሙሉ አላስተባብልም። ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ ለቀብራቸው የሚሆን ገንዘብ እንኳ በግምጃ ቤት እንዳልተገኘ ይነገራል። ከሰምርኔስ የመጡ የግሪክ አንጥረኞች በጎንደር ይሠሩ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ክፍሎች በቬኒስ መስታወት አጊጠው ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ በልቷል፤ የስናሩ ቤዛም ተጨምሯል። ግን ጽሑፉ ዋናውን ጥፋት በደብረ ፀሐይ ቍስቋምና በጣናው ናርጋ ሥላሴ ላይ መጫኑ የዚያን ዘመን አሠራር ካለማወቅ ነው።

ቍስቋም ከጎንደር ከተማ በሰሜን ምዕራብ ባለ ተራራ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በግብፅ ያለውን፣ ቅድስት ቤተሰብ በስደት ያረፉበትን ተራራ ስም ይዟል፤ በዓሉ ኅዳር 6 ነው። ከጎኑ የእቴጌይቱ መኖሪያና ግብር ማብያ አዳራሽ አለ፤ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ነው። ከመኖሪያው ግድግዳ ላይ በቀላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በደቅ ደሴት አጠገብ ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ዛሬ የኪነ ጥበብ አጥኚዎች ሁለተኛው የጎንደር የሥዕል ዘይቤ የሚሉት በእነዚህ ደብሮች ዙሪያ ነው ያበበው።

እንዲህ ያለ ደብር የሚተዳደረው በግምጃ ቤት ወርቅ አይደለም። ንጉሡ ወይም እቴጌይቱ ለደብሩ ጉልት ይሰጣሉ፤ ጉልት ማለት ከአንድ አገር የሚገባውን ግብር የመብላት መብት ነው፣ መሬቱን አርሶ የመብላት አይደለም። ከዚያ ውስጥ ሪም የሚባል የመሬት ድርሻ እየተቆረሰ ለካህናት ይሰጣል፣ በምትኩ ቅዳሴና ማኅሌት ይቆማሉ። መኳንንትም የሪም ባለመብት እየሆኑ ይገቡበታል፤ ካህን እየወከሉ አገልግሎቱን ያስፈጽማሉ። የሚጎዳው ግምጃ ቤቱ ሳይሆን ወደፊት የሚመጣው ገቢ ነው፦ አንዴ ለደብር የተሰጠ ግብር ለዘውድ አይመለስም፣ ወታደርም አይቀለብበትም። ይህን ከዘመዶች ሹመት ጋር ደምሩት፤ ንጉሡ በራሱ የሚያዝበት አገር በየዓመቱ እየጠበበ ሄደ። የምንትዋብ መንግሥት ድክመት ይኸ ነው፤ መስታወቱና ድንጋዩ አይደለም። ጽሑፉ ይህን ቢል ኖሮ አልከራከረውም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ፦ የወሎዋን ውቢትን ለልጃቸው አጋብተው ዘመነ መሳፍንትን አመጡ፣ ጥፋቱ የኦሮሞ ጦር ጎንደር መግባቱ ነው የሚለው። ውቢትን ለኢያሱ ያጋቡበት ምክንያት ከሦስቱ ሴቶች ጋብቻ የተለየ አይደለም፤ የወሎን ፈረሰኛ በአማችነት ለመያዝ ነው። ዘዴው አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን ተለየ። ለምን? ሴት ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ሲድሩ ልጆቹ የእሳቸው ሰዎች ሆነው በሌላ አገር ይቆማሉ። ምራት ሲያመጡ ግን የሌላ ቤት ሰው ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል፣ ልጅም ይወልዳል፣ ልጁም ይነግሣል። ኢዮአስ በ1755 ሲነግሡ ሞግዚት መሆን የሚገባት እናት ናት ወይስ አያት? በ1730 ምንትዋብ በእናትነት ያገኙትን መብት ውቢት በእናትነት ጠየቀች። ምንትዋብ እንቢ አሉ፤ ሞግዚትነቱን ራሳቸው ያዙ። በዚህ ላይ የውቢት ወንድሞች ብራሌና ሉቦ ከነፈረሰኞቻቸው ጎንደር ገቡ፤ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ የሚነገረው ኦሮምኛ ሆነ ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጠብ የቋራ ዘመድና የወሎ ዘመድ ለአንድ ሹመት የሚያደርጉት ነው። በዘር የሚተረጕመው ሰው ሁለቱም ቤቶች የፈለጉት ያው አንድ ነገር መሆኑን ይዘነጋል።

ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ሁለቱ ወገኖች ተያይዘው ቆዩ። በ1767 ሲሞቱ ሚዛኑ ተሰበረ። ኢዮአስ በጌምድርን ለአጎታቸው ለብራሌ ሰጡ፤ በጌምድር ግን የአዮ ቤት ነው፣ ማርያም ባርያም የእቴጌይቱ አማች። አልለቅም አለ፣ ተዋጉ፣ ብራሌ ሞተ። ሚካኤል ስሑል ከትግራይ የተጠሩት በዚህ መሐል ነው፤ የጠራቸው ማን ነው በሚለው ትረካዎቹ አይስማሙም፣ አንዱ ንጉሡን ሌላው እቴጌይቱን ይላል። የሚስማሙበት ግን ይዘውት የመጡት ጦር ነው፦ 26,000 ሰው ያህል፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው ነፍጥ የያዘ። ትግራይ የምጽዋን በር ስለ ያዘች ነፍጥ ከዚያ በኩል ይገባ ነበር። የወሎ ፈረሰኛም የቋራ እግረኛም ይህን አልነበረውም። የምንትዋብ የጋብቻ መረብ ያላሰበው ነገር ይህ ነው።

ማርያም ባርያ ተሸንፎ ሸሸ፣ ተይዞ ለሉቦ ተሰጠ፣ ሉቦ የወንድሙን ደም መለሰ። አስቴር ባላቸውን ሲያጡ የሐዘን ልብስ ለብሰው ሚካኤል ጋ ሄዱና ተበቀሉልኝ አሉ፤ ሽማግሌው ራስ እዚያው ሠራዊቱ ፊት አገቧቸው ይላል ብሩስ። ያን ጊዜ ንጉሡና ራስ ሚካኤል በግልጽ ተለያዩ። ንጉሡ በዳሞቱ ፋሲል ታመኑ፤ ፋሲል በ1769 አዘዞ አጠገብ በሚካኤል ተሸነፈ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኢዮአስ በሚካኤል ትእዛዝ በሻሽ ታንቀው ሞቱ። በምትካቸው የበካፋ ወንድም አረጋዊው ዮሐንስ ከወህኒ ወርደው ነገሡ፤ እጃቸው የተቆረጠ ነበር፣ በዓመቱ ሳይደርሱ እሳቸውም ሞቱ። ዘመነ መሳፍንት የሚቈጠረው ከዚህ ነው። ንጉሥ ገድሎ ንጉሥ የሾመው ሰው የምንትዋብ የልጃቸው ባልና የሌላዋ ልጃቸው አማት ነበር፤ የወሎ ምራት አልነበረችም።

እቴጌይቱ የልጅ ልጃቸውን በቍስቋም ከአባቱ አጠገብ ቀብረው ዳግመኛ ጎንደር ከተማ አልገቡም። ጽሑፉ ብቸኛና የተረሱ ሆነው ሞቱ ይላል። ብሩስ በ1770 ሲደርስ ግን ቍስቋም የሰው መናኸሪያ ነበር፤ በፈንጣጣ የታመሙ የልጆቻቸውን ልጆች እንዲያክም የጠሩት እቴጌይቱ ናቸው። የሞቱት በ1773 ነው። ቤተሰባቸውም አልጠፋም፦ የወለተ እስራኤልና የዮሴዴቅ ልጅ ራስ ኃይሉ ጎጃምን ለረጅም ጊዜ ገዙ፣ ከእሳቸውም በኋላ ልጃቸው ራስ መርዕድ። ጎንደር የንጉሥ መሾሚያና መሻሪያ በሆነበት በዚያ ዘመን ከምንትዋብ ዘር ሥልጣን ይዞ የቆየው በሴት ልጃቸው በኩል የሄደው ነው።